ለሙሉቀን ብቻ የተከፈተው በር

በሃያ አራት ዓመት የሹፌርነት ዘመኔ የቀናሁት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። ግን በደንብ አድርጌ ነው የቀናሁት። መሪ ይዤ ቀንቻለሁ፤ ምሳ እየበላሁ ቀንቻለሁ፤ ሰንበት ምኩራብ ውስጥ ቆሜም ቀንቻለሁ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ጡረታ ወጣሁና አለቃችን ሹፌሮቹን ሰብስቦ «ይርጋ አንድም ቀን መኪና አላጋጨም፣ አንድም ልጅ አልጎዳም» ብሎ አመሰገነኝ። ሁሉም አጨበጨበ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን ግን ሰምቼ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። ይህንን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሥራዬ ልጆችን ጠዋት ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ማመላለስ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ «ሃሳዓ» እንለዋለን። ከጎንደር እንደመጣሁ የገባሁት ፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። ስምንት ዓመት ከማሽን ውስጥ ትኩስ ባልዲ ሳወጣ ኖሬ ጀርባዬ እምቢ ሲለኝ የሚኒባስ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገብኩ። ሦስት ጊዜ ወድቄ በአራተኛው አለፍኩ። ደመወዙ ከፋብሪካው ብዙም አይሻልም፤ ፎርሙም ፊርማውም ማለቂያ የለውም። ግን መኪናው መስኮት አለው። ፋብሪካው መስኮት አልነበረውም።

ሥራውን ያስተማረኝ ሻውል ነው። በሕፃንነቱ ከባግዳድ የመጣ፣ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ከመኪናው ይልቅ መኪናው ውስጥ ስላሉት ሰዎች ነበር የሚያስተምረው። ጡሩምባ አይነፋም። ልጅ ከዘገየ ሞተሩን ያጠፋል፤ አንድ ደቂቃ በሰዓቱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወርዶ የሕንፃውን ደወል ራሱ ይጫናል። የእያንዳንዱን ልጅ እናት በስሟ ያውቃታል። አዲስ መስመር ሲሰጠው ዓርብ ከሰዓት መጀመሪያ በእግሩ ይሄድበታል፤ የት ጥላ እንዳለ፣ የት አስፋልቱ እንደተነሳ፣ የት ውሻ እንደሚታሰር በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ልጆቹን ካወረደ በኋላ ደግሞ ከኋላ ወንበር ጀምሮ እስከ ፊት እየተራመደ እያንዳንዱን መቀመጫ በመዳፉ ይነካል።

«ባዶ መሆኑ እኮ ይታያል» አልኩት በመጀመሪያው ሳምንት።

«ይታያል» አለኝ። «ግን ጃኬት ለብሶ የተኛ ልጅ ባዶ ወንበር ይመስላል። በእጅህ ንካ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነካሁ።

ከሻውል ጋር አሥር ዓመት ያህል እንደሠራሁ ሙሉቀን መጣ። ያመጣሁት እኔው ነኝ። የእሱ መንደርና የእኛ መንደር አንድ ገበያ ነበር የሚገበያዩት፤ አባቱን አውቀዋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ያንሰኛል። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት አለቃዬን ለምኜ አስገባሁት። «ጋሼ ይርጋ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንቱ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» እያለ በየምኩራቡ ያመሰግነኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ደስታው ሦስት ወር ቆየ። ሙሉቀን ሳቅ ያውቃል። ዕብራይስጡ ከእኔ የተሰባበረ ነው፤ ግን አያፍርበትም፤ ልጆቹ ሲያርሙት ደጋግሞ ተሳስቶ ያስቃቸዋል። የእኔ መኪና ልጆች «ለምን በሙሉቀን አንሄድም?» ማለት ጀመሩ። እናቶች የበዓል ኬክ ሲያመጡ ትልቁ ሳህን ወደ እሱ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሻውልን ነው። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለቱ ተቀምጠው ሻውል ስለ እናቱ ያወራዋል፤ ባግዳድ ጥላው ስለመጣችው የልብስ ስፌት መኪና፣ እስክትሞት ድረስ እንዴት ታስታውሰው እንደነበር። እኔ ከእሱ ጋር አሥር ዓመት ሠርቼ እናቱ በሕይወት ትኑር ትሙት አላውቅም ነበር። ለሙሉቀን በሦስተኛው ወር ነገረው።

ባለቤቴ ትርንጎ ያን ሰሞን «እባክህ ስለ ሙሉቀን ሳታወራ አንድ እራት እንብላ» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ሃዳር ጋኒም በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጎዳና ጠዋት ጠዋት ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ከጎዳናው ጎን፣ በሦስት ሕንፃዎች መካከል፣ ጠባብ መንገድ ይገባና በትምህርት ቤቱ ጀርባ ይወጣል። መንገዱ የነዋሪዎቹ ነው። አስፋልቱን ያነጠፉት በራሳቸው ነው፤ መግቢያው ላይም «የግል መንገድ፣ ለነዋሪዎች ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ያቋረጠ አሥር ደቂቃ ያተርፋል። ስለዚህ ልጃቸውን የሚያደርሱ ወላጆች ሁሉ በዚያ ያቋርጡ ነበር፤ እኛ ሹፌሮችም ያው ነን። ነዋሪዎቹ የአበባ ጋን ደረደሩ፤ ሰዎች ወርደው ጋኑን ገፉት። ነዋሪዎቹ የሰሌዳ ቁጥር ፎቶ ማንሳት ጀመሩ፤ ወላጆች መስኮት ዝቅ አድርገው ተሳደቡ። አንድ ጠዋት የአንድ ጎረቤት የሦስት ዓመት ልጅ ኳስ ተከትሎ ወጥቶ ከመኪና ጎማ ሥር በተአምር ተረፈ። በማግስቱ ሽፍራ ወንበር ይዛ ወጣች።

ሽፍራ የሕንፃዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበረች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ መነጽር የምታንጠለጥል። የፕላስቲክ ወንበር መንገዱ መሃል ላይ አስቀምጣ፣ ጋዜጣ ዘርግታ ተቀመጠች። መኪና ሲደርስ ቀና አትልም። ጡሩምባ ሲነፋባት ገጽ ትገልጣለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስታደርግ ሹፌሮች ሁሉ «እብድ ናት» አሉ። እኔም ብያለሁ።

ሻውል ግን አላለም። እሱን ያስጨነቀው ኖአ ነበረች። ኖአ በዚያ መንገድ መጨረሻ ቤት የምትኖር የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አያቶቿ የእኛው የጎንደር ሰዎች ናቸው። እግሮቿ ደካማ ስለሆኑ ጎማ ያለው የብረት መደገፊያ እየገፋች ነው የምትሄደው። የምትማረው ሌላ ሰፈር ስለሆነ፣ መኪናው በሯ ድረስ ካልገባ እስከ ዋናው ጎዳና መሄድ አለባት። ሻውል አንድ ከሰዓት ያለ መኪና፣ በእግሩ ወደ ሽፍራ ሄደ። ብቻውን አልሄደም፤ ሙሉቀንን ይዞ ሄደ። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

«ምን አላችኋት?» ብዬ ሙሉቀንን ጠየቅኩት።

«ምንም አላልናት ጋሼ። እሷ ናት ያወራችው። ሁለት ሰዓት አዳመጥናት።»

«ዝም ብላችሁ?»

«እኔማ ዕብራይስጡ ግማሹ አልገባኝም» አለና ሳቀ። «ስትናደድ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ስታዝን ራሴን ነቀነቅኩ። ሲመሽ ሻይ አፍልታ ሰጠችን።»

በዚያ ሻይ ላይ ተስማሙ። ነዋሪዎቹ መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ በር ያቆማሉ፤ የግል መኪና አያልፍም፤ ለኖአ ሲባል ግን አንድ የሃሳዓ መኪና ብቻ ያልፋል። አንድ ሻለት፣ ማለት በሩን ከሩቅ የሚከፍተው ቁልፍ፣ ለእኛ ድርጅት ይሰጣል። መጀመሪያ ሻውል ያዘው። ከዓመት በኋላ ሻውል ጡረታ ሲወጣ መስመሩ ለማን እንደሚሰጥ ሁላችንም እናስብ ነበር። ቀዳሚው እኔ ነኝ። ዋናው ጎዳና ላይ በየቀኑ ተገትሬ የምቆመውም እኔ ነኝ። ሻውል በመጨረሻው ቀኑ ሻለቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእኔ ፊት፣ ለሙሉቀን ሰጠው።

ለብቻው ጠብቄ «እኔ ምን አጎደልኩ?» አልኩት።

«ይርጋ፣ ካስተማርኳቸው ሁሉ ጥሩ ሹፌር አንተ ነህ» አለኝ። «ያቺ መንገድ ግን ሹፌር አይደለም የምትፈልገው።»

ይህን ቃል ለብዙ ጊዜ እንደ ስድብ ይዤው ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል ለእኔ በየጠዋቱ አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ዋናው ጎዳና ላይ በመኪና ተከብቤ እቆማለሁ። ሙሉቀን ከፊቴ ይታጠፋል፤ በሩ ቀስ ብሎ ይከፈትለታል። ሽፍራ በረንዳዋ ላይ ሆና እጇን ታነሳለታለች። እሱ ልጆቹን አውርዶ፣ መኪናውን ጠርጎ፣ ሁለተኛ ዙሩን ሲጀምር እኔ ገና የመጀመሪያውን መብራት አላለፍኩም። ሁለት ጊዜ በሩ ሳይዘጋ ከኋላው ለመግባት ሞክሬ በሩ መስተዋቴ አጠገብ ቆመ። ሙሉቀን ማታ ደውሎ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ቃል ገብቻለሁ» አለኝ። ለምኖ ነው የነገረኝ። ልመናው ደግሞ ከቁጣ ይብስ አናደደኝ።

አንድ ጠዋት እንደተለመደው ቆሜያለሁ። ሙሉቀን ወደ በሩ ሲታጠፍ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ከኋላው ተጠጋችና ቆመች። አንዲት ሴት መስኮት ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር ጮኸችለት። ሙሉቀን እጁን በመስኮት አውጥቶ «ግቢ» ብሎ ጠራት። ተከትላው ገባች። ስልኬን አነሳሁና ፎቶ አነሳሁ።

በስልክ ብልከው ቁጥሬ ይታወቃል። ስለዚህ ጽሕፈት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄጄ በወረቀት አሳተምኩት። የሙሉቀን ሰሌዳ፣ ከመስኮቱ የወጣው እጁ፣ ነጯ መኪና፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት ልጆቹን ካደረስኩ በኋላ ሽፍራ ሕንፃ ገብቼ የፖስታ ሳጥኗ ውስጥ ከተትኩት። ስሜን አልጻፍኩም። ያን ቀን ትክክለኛ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሕግ ያስከበርኩ።

ኮሚቴው ሙሉቀንን ጠራው። ሴትየዋ ማን እንደሆነች ሲጠይቁት «አላውቃትም። ታለቅስ ነበር» አለ። ለምን እንደምታለቅስ ሲጠይቁት «አልጠየቅኳትም» አለ። ሻለቱን ወሰዱበት። ስምምነቱም ፈረሰ። አለቃችን ከነዋሪዎች ጋር ጠብ ስለማይፈልግ ሙሉቀንን ጊቫት ሽሙኤል ወዳለ መስመር አዛወረው፤ የእሱን መስመር፣ ኖአን ጨምሮ፣ ለእኔ ሰጠኝ።

ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። ያን ቀን ለትርንጎ ትልቅ ዓሣ ገዝቼ ገባሁ። «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «መስመር ተሰጠኝ» አልኳት። ዓሣውን እያጠበች ቀና ብላ አየችኝና ወደ ማጠቧ ተመለሰች።

በሩ ግን ለእኔም ተዘግቷል። ይህንን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር፤ ወይም አስቤ ትቼዋለሁ። ኖአ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ቦርሳዋን ተሸክሞ፣ እሷ መደገፊያዋን እየገፋች፣ በየጠዋቱ ያን መንገድ ሁሉ ወደ ዋናው ጎዳና ይመጣሉ። እኔ ከእግረኛ መንገዱ ጥግ እቆማለሁ፤ ከኋላዬ አውቶቡስ ጡሩምባ ይነፋል። እሷ ጡሩምባ ስትሰማ ትቸኩላለች። ስትቸኩል ደግሞ እግሮቿ አይታዘዙላትም። አባቷን «ቀስ ትበል፤ እኔ እጠብቃለሁ» እለው ነበር። ግን የሚነፋው እኔ አይደለሁም፤ እሷም የምትሰማው እኔን አይደለም።

ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አባቷ በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዟል። አንድ የግል መኪና በሁለት በቆሙ መኪኖች መካከል ጥርቅም ብሎ ቆሞ ልጅ ሊያወርድ ጡሩምባ ነፋ። ኖአ ዞር ስትል የመደገፊያዋ ጎማ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ወረደ። እሷም አብራ ሄደች። እጇን ዘርግታ ነው የወደቀችው።

እኔ መኪና ውስጥ ነኝ። አሥራ አንድ ልጆች ይዣለሁ። ሹፌር በትራፊክ መሃል ልጆች ያሉበትን መኪና ጥሎ አይወርድም፤ ሕጉ ይህ ነው፤ ሕጉም ትክክል ነው። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ መስኮት ከፍቼ፣ «ኖአ! ኖአ!» እያልኩ ተቀመጥኩ። አልጮኸችም። በዝናቡ ውስጥ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ እኔ ታይ ነበር። ሻውል ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሻውል ቢሆን መጀመሪያውኑ እዚያ ቦታ ላይ አይቆምም ነበር።

የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። መደገፊያውን የምትይዘው በእጇ ስለሆነ እጇ ሲሰበር እግሯም አብሮ ቀረ። ሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። በሁለተኛው ቀን ፍራፍሬ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ እዚህ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ጥቂት ነው። እንዳፈርኩ አይቶ፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ቃል እየፈለገ «ጋሼ፣ አንቱ ምን አጠፉ?» አለኝ።

ከዚያ ቤት ወጥቼ መኪናዬ ጋ አልደረስኩም። በቀጥታ ሽፍራ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ።

«ፎቶውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት፤ ገና በሩ ላይ ቆሜ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ገብታ ከመሳቢያ ፎቶውን አምጥታ መነጽሯን አደረገችና በጣቷ አሳየችኝ። «የነጯ መኪና ጣሪያ ይታያል። ከሌላ ትንሽ መኪና ውስጥ ሆኖ ያነሳ ሰው ጣሪያ አያይም። ከፍ ካለ መቀመጫ ነው የተነሳው፤ በየጠዋቱ እዚያ የሚቆመው ደግሞ ያንተ ሚኒባስ ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦሜትሪ አስተምሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። «ስለጠቀመኝ» አለች። «መንገዱ ጭር እንዲል እፈልግ ነበር። ሰበብ ሰጠኸኝ።» ከዚያ በመስኮት ወደ መንገዱ እያየች ቆየች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። «ጭር አለ» አለች።

በዚያው ሳምንት ኮሚቴውን ሰበሰበች። ሦስት ሰዎች ተቃወሙ፤ ሌሎቹ ተስማሙ፤ ኖአ ስትመለስ በሩ እንዲከፈት ተወሰነ። ሻለቱን ግን ለእኔ አልሰጠችኝም። «ለሙሉቀን ነው የምሰጠው። አንተ ደግሞ መጀመሪያ ለእሱ ትነግረዋለህ» አለችኝ።

ሙሉቀንን ጊቫት ሽሙኤል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ከሰዓት ዙሩ በፊት አገኘሁት። ወንበሮቹን በመዳፉ እየነካ ከኋላ ወደ ፊት ይመጣል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። «ጋሼ ይርጋ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ እዚህ ጥላ አለ።» ገብቼ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ፎቶውን፣ ፖስታ ሳጥኑን፣ ዓሣውን ሳይቀር። «ለምን?» እንዲለኝ ጠበቅኩ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

አላለኝም። ሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪው ላይ እጁን ጫነ። ከዚያ፣ «ልጅቷ ሁለት ወር ስትቀመጥ ማን ነው ትምህርቱን የሚያመጣላት?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩም ነበር። እመኑኝ፣ እዚያ በኀፍረት ተቀምጬም እንኳ ቀናሁበት፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ቀድሞ ያገኘው እሱ ስለሆነ።

«ውረድ» አለኝ በመጨረሻ። «ልጆቹ ሊወጡ ነው።»

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለኝ። ወረድኩ።

መስመሩን ለአለቃችን ራሴ መልሼ ለሙሉቀን እንዲሰጠው ጠየቅኩ፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። ተቆጣኝ፣ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፣ ከዚያ ሹፌር ስላነሰው ወደ ጋኔይ ቲክቫ መስመር ሰደደኝ። ኖአ ተመለሰች። ከሙሉቀን ጋር ግን ከዓመት በላይ አልተነጋገርንም። ምኩራብ ስንገናኝ «ሻሎም» ይለኛል፤ እኔም «ሻሎም» እለዋለሁ። ሰው ሁሉ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። እሱ ለማንም አልተናገረም። ያም ያስቀናኝ ነበር፤ እኔ ብሆን እናገር ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ሙሉቀን የሐሞት ጠጠር ታሞ ተኛ። አለቃችን ሌላ ሰው ስላጣ፣ አዲሱ የትምህርት ሳምንት እሁድ እስኪጀምር፣ ለአምስት ቀን መስመሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሻለቱንም። ያን ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሙሉቀን ነው። ድምፁ ደክሟል። በዕብራይስጥ ነበር የተናገረው፤ ዕብራይስጥ ደግሞ አንተና አንቱን አይለይም፤ ስለዚህ የትኛውን እንዳለኝ ማወቅ አልቻልኩም።

«ኖአ ስትገባ እጇን አትያዝ» አለኝ። «ከስብራቱ በኋላ ሲስቧት ያማታል፤ ግን አትናገርም። ክርንን መስጠት ነው። እሷ ራሷ ትይዛለች።»

«በሰደር» አልኩት፤ እሺ ማለት ነው።

ስልኩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። ሃያ አራት ዓመት ልጅ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ከእሱ መማሬ ቆረጠኝ። ያማታል ያለው እጅ ደግሞ በማን እንደተሰበረ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን ያንን አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መንገዱ ታጠፍኩ። ሻለቱን ተጫንኩት፤ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሽፍራ በረንዳዋ ላይ ነበረች፤ ማን እንደሆንኩ አየች፤ ትንሽ ቆይታ እጇን አነሳች። መንገዱ አጭር ነው። ከውጭ ቆሜ ሳየው ረጅም ይመስለኝ ነበር።

ኖአ በሩ ላይ ትጠብቃለች። አድጋለች። ወደ ሹፌሩ ወንበር አየችና «ሙሉቀን የት ነው?» አለችኝ።

«ታሟል። እሁድ ይመጣል።»

አሰበችበት። «እሁድ እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

መደገፊያዋን አጥፌ አስገባሁ። ከዚያ ተመልሼ አጠገቧ ቆምኩና ክርኔን ሰጠኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ያዘችው፤ ሁለታችንም ወደ መኪናው ወጣን።